አባ ጎርጎርዮስ ዘመካነ ሥላሴ፤ የአውሮፓ ሊቃውንት መምህር

በጀርመን፣ በኢጣሊያ፣ በፈረንሳይና በሌሎችም አገሮች በሚገኙ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የአፍሪካን ሕዝቦች ቋንቋና ባህል ማጥናት ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፎአል። በእነዚህ የትምህርት ክፍሎች ውስጥ ግዕዝና አማርኛ የቆየና የተከበረ ስፍራ አላቸው። ከሩቅ አገር የተወለደ ወጣት ፊደላችንን ከሀ እስከ ፐ ቆጥሮ፣ መጻሕፍታችንን አንብቦና ተርጉሞ፣ በዚሁ ሙያ ሲመረቅ እንሰማለን። ይህን የሰሙ አንዳንድ ምእመናን፣ ፈረንጅ የእኛን ቋንቋ ከማን ተማረ ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ወደ አንድ ኢትዮጵያዊ ካህን ይመራናል፤ እኒህም አባ ጎርጎርዮስ ናቸው።

በዚህ እትም የእኒህን አባት ሕይወት ለአንባብያን ልናቀርብ ወደድን። ታሪካቸው ከጣና ዙሪያ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነውና፣ በተለይ በባሕር ዳርና በአካባቢው ለምንኖር ሁሉ ባዕድ አይሆንም። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

የትውልድ ስፍራቸው

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በ1595 ገደማ፣ በጥንቱ የአማራ ክፍለ ሀገር፣ ዛሬ ወሎ በሚባለው ምድር፣ መካነ ሥላሴ በተባለ ስፍራ ነው። ወገናቸው ከመኳንንት ነበረ። መካነ ሥላሴ በዘመኑ የታወቀ ስም ነበረው። አፄ ናዖድ አስጀምረውት ልጃቸው አፄ ልብነ ድንግል ያስፈጸሙት ታላቅ ቤተ ክርስቲያን በዚያ ቆሞ ነበር፤ ይሁን እንጂ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ በ1531 ተቃጥሎ ወደመ። ጎርጎርዮስ በተወለዱ ጊዜ ከዚህ ጥፋት ወዲህ ያለፈው ዘመን የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል ብቻ ነበረ። እንግዲህ የኋላው መምህር ያደጉት፣ ሽማግሎች የተቃጠለውን ቤተ መቅደስ በሚያስታውሱበት አገር ነው ማለት ነው።

የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት በልጅነታቸው ተማሩ፤ ግዕዝንም እንደ ሥርዓቱ ቀጸሉ። ለክህነትም በቁ። የአፋቸው ቋንቋ አማርኛ፣ የመጽሐፋቸው ቋንቋ ግዕዝ ነበረ። እነዚህ ሁለት ስጦታዎች በኋላ ዘመን በባዕድ አገር ከወርቅ ይልቅ የሚፈለጉ እንደሚሆኑ ግን በዚያን ጊዜ ማንም ሊገምት አይችልም ነበር።

በጣና ዙሪያ የተነሣው ማዕበል

ጎርጎርዮስ ለአካለ መጠን በደረሱበት ጊዜ የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት መናገሻ የጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ነበረ። ጎርጎራ፣ አዘዞና ደንቀዝ የነገሥታቱ ማረፊያዎች ነበሩ። በ1603 ወደ አገራችን የገባው ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፔድሮ ፓኤዝም አብዛኛውን የኋላ ዘመኑን ያሳለፈው በዚሁ አካባቢ ነው።

የፓኤዝ ነገር በአጭሩ ሊነገር ይገባዋል። ከሁሉ አስቀድሞ የሕዝቡን ቋንቋ ተማረ፤ ግዕዝንም አማርኛንም አወቀ። የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ ወደ አማርኛ እንዲተረጎም አድርጎ ሕፃናትን በሚሰሙት ቋንቋ አስተማረ። በ1618 ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ወደ ሰከላ ወርዶ የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ። የኢትዮጵያን ታሪክም በፖርቱጋልኛ ጻፈ። በ1622 አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በይፋ በተቀበሉበት ዓመት በጎርጎራ ዐረፈ።

ከእርሱ በኋላ በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን በዚህ መንገድ አልሄዱም። በ1626 በደንቀዝ ንጉሡና መኳንንቱ ለሮማ መንበር መታዘዛቸውን በመሐላ ካረጋገጡ በኋላ፣ ሥርዓቱ ሁሉ በችኮላ እንዲለወጥ ተደረገ። የተጠመቀው ሕዝብ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደገና እንዲባረኩ፣ አጽዋማቱና በዓላቱ እንዲዛወሩ ተጠየቀ። ሕዝቡ በአባቶቹ ሥርዓት ላይ የተነሣውን ይህን ትእዛዝ ሊቀበል አልወደደም። ዐመፅ ተነሣ፤ የወንድማማች ደም ፈሰሰ። በ1632 በወይና ደጋ ከተደረገው ብርቱ ውጊያ በኋላ አፄ ሱስንዮስ የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ ነግረው፣ መንግሥታቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። ፓትርያርኩና ኢየሱሳውያኑም ከአገር እንዲወጡ ተደረገ።

ይህን ታሪክ ስናነሣ የቆየ ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። አባ ጎርጎርዮስ ምን ዓይነት ማዕበል ውስጥ እንደ ነበሩ ካልታወቀ፣ በኋላ የሠሩት ሥራ ዋጋው አይታወቅምና ነው። እርሳቸው የካቶሊክን እምነት ከተቀበሉት ኢትዮጵያውያን ካህናት አንዱ ነበሩ፤ ከፓትርያርክ ሜንዴዝ ጋርም የቀረበ ግንኙነት ነበራቸው። ስለዚህ የዘመኑ መገለባበጥ እርሳቸውንም አገር አሳጣቸው። ከወገናቸው ተለይተው በስደት ተንከራተቱ፤ በመጨረሻም ሮም ደረሱ።

በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት

በሮም ከቅዱስ ጴጥሮስ ካቴድራል በስተ ኋላ፣ ለቅዱስ እስጢፋኖስ የተሰየመ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ይህ ቤት ከአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ወደ ሮም ለሚመጡ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ ሆኖ ተሰጥቶ ነበር። ኢጣሊያኖች ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ ብለው ይጠሩታል።

ቤቱ የእንግዳ ማደሪያ ብቻ አልነበረም፤ የትምህርትም ምንጭ ነበረ። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ካህን በዚህ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ፊደል ተምሮ፣ በ1513 የዳዊትን መዝሙር በግዕዝ አሳተመ። በማተሚያ መሣሪያ የታተመ የመጀመሪያው የግዕዝ መጽሐፍ ይህ ነው። ፖትከን ግን የሚያትመው ቋንቋ ከለዳውኛ ይመስለው ነበር። ከዚያ በኋላ በ1548ና በ1549 አባ ተስፋ ጽዮን የተባሉት ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። በ1638 ደግሞ አንድ የቀርሜሎሳውያን ማኅበር ካህን ትንሽ የግዕዝ መዝገበ ቃላት አወጣ። ሥራው ተጀምሮአል፤ ነገር ግን ገና ከመንገድ አልደረሰም ነበር። አውሮፓውያኑ ፊደሉን ቢያዩም ድምፁን አልሰሙም፤ ቃሉን ቢቈጥሩም ሕይወቱን አያውቁም ነበር።

አባ ጎርጎርዮስ ከሌሎች ጥቂት ኢትዮጵያውያን ጋር በዚህ ቤት ሳሉ፣ በ1649 አንድ እንግዳ በራቸውን አንኳኳ።

መምህርና ተማሪ

እንግዳው ሂዮብ ሉዶልፍ ይባላል፤ ስሙ በእኛ አጠራር ኢዮብ ማለት ነው። በ1624 በጀርመን አገር በኤርፉርት ከተማ የተወለደ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ነበረ። በኤርፉርትና በሆላንድ አገር በላይደን ዩኒቨርሲቲ ተምሮአል። ለቋንቋ ልዩ ስጦታ ነበረው፤ በዕድሜው ማብቂያ ሃያ አምስት ያህል ቋንቋዎች ያውቅ እንደ ነበረ ይነገራል። ወደ ሮም የመጣው በፓሪስ በሚገኘው የስዊድን መልእክተኛ ታዝዞ የቆዩ ሰነዶችን ለመፈለግ ነበር። ልቡ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ በመጽሐፍ ብቻ ወደ ተማረው ወደ ግዕዝ ያዘነብል ነበር። ኢትዮጵያውያን በሮም እንዳሉ በሰማ ጊዜ ፈልጎ መጣ።

የመጀመሪያው ንግግር ቀላል አልነበረም። ወጣቱ የሚናገረው ግዕዝ ከመጽሐፍ የተለቀመ ስለ ነበረ፣ አነባበቡ ለኢትዮጵያውያኑ ጆሮ ሣቅን የሚያመጣ ነበረ። እነርሱም የእርሱን ቋንቋ አያውቁም። ስለዚህ አባቱ ፖርቱጋላዊ የሆነ አንቶንዮ ዴ አንድራዴ የተባለ የኢትዮጵያ ተወላጅ በአስተርጓሚነት ረዳቸው። ቀስ በቀስ ግን አስተርጓሚ የማያስፈልጋቸው ሆኑ። ሁለቱም የሚገናኙበት ድልድይ ግዕዝ ሆነ። በአገሩ የቅዳሴና የመጽሐፍ ቋንቋ የሆነው ግዕዝ፣ በሮም የአንድ ኢትዮጵያዊ አዛውንትና የአንድ ጀርመናዊ ወጣት መነጋገሪያ ሆነ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። አባ ጎርጎርዮስ በዚያን ጊዜ ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ አገራቸውን ያጡ ስደተኛ ነበሩ። ተማሪያቸው የሉተር ተከታይ ነው። ስለ ሃይማኖት ልዩነት ሠላሳ ዓመት ጀርመንን ያቃጠለው ጦርነት ካበቃ ገና አንድ ዓመት መሆኑ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ራሳቸውም በሃይማኖት ጠብ ምክንያት ከአገራቸው የወጡ ናቸው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሌላ እምነት ያለውን ባዕድ ከበር ቢመልሱት ማን ይፈርድባቸው ነበር? እርሳቸው ግን አስገቡት፤ አስተማሩትም።

ትምህርቱ ግዕዝን ብቻ የሚመለከት አልነበረም። አማርኛም ተጨመረበት። በዚያ ዘመን አማርኛ የንጉሥ አደባባይና የሕዝብ ቋንቋ ቢሆንም በጽሑፍ ብዙ አይገኝም ነበር። ኢየሱሳውያንና የኦርቶዶክስ ሊቃውንት ለትምህርትና ለክርክር ሲሉ መጻፍ የጀመሩበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ሉዶልፍ አማርኛን የሚማርበት መጽሐፍ አልነበረውም፤ መጽሐፉ የአባ ጎርጎርዮስ አንደበት ነበር። ግዕዝ የሌለውን፣ አማርኛ ግን የሚያስፈልገውን የሸ፣ የቸ፣ የኘ፣ የኸ፣ የዠ፣ የጀና የጨን ድምፅ በሚገባ የሚያሰማለት ሌላ ሰው አልነበረውም። አንድን ግሥ ለወንድ፣ ለሴት፣ ለብዙ፣ ለኃላፊና ለትንቢት እያስለወጠ ሲጠይቅ፣ መምህሩ በትዕግሥት ይመልሱለታል። ሕፃናትን ጸሎት ያስተማረ ሰው ይህ ምን ያህል ድካም እንዳለው ያውቃል።

በጎታ ከተማ

ሉዶልፍ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ1652 በጎታው መስፍን በኤርነስት አገልግሎት ገባ። ይህ መስፍን መንፈሳዊ በመባል የታወቀ፣ በግዛቱ ያሉ ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ያዘዘ ሉተራዊ ገዥ ነበር። ስለ አባ ጎርጎርዮስ በሰማ ጊዜ በእንግድነት አስጠራቸው። እርሳቸውም ረጅሙን መንገድ ተጕዘው ጀርመን ደረሱ፤ በ1652 የበጋ ወራትም በጎታ ተቀመጡ።

በመስፍኑ ፊት ስለ ኢትዮጵያ ብዙ ጥያቄ ቀረበላቸው። ስለ አገሩ መልክዓ ምድር፣ ስለ ንጉሡ አገዛዝ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት፣ ስለ ሕዝቡ ኑሮና ልማድ ጠየቁአቸው፤ ጸሐፍትም መልሱን ጻፉ። በዚያ ዘመን በአውሮፓ ስለ ኢትዮጵያ የሚነገረው እጅግ ብዙው ተረት ነበር፤ ቄስ ዮሐንስ የሚባል ባለጸጋ ንጉሥ ወሬ ገና አልጠፋም። አባ ጎርጎርዮስ ግን የሚያውቁትን ተናገሩ። ምንጫቸው ዐይናቸውና አስተዳደጋቸው ነበረ።

ካቶሊካዊ ካህን በሉተራውያን ቤተ መንግሥት በክብር ተቀመጡ። አንዱ ሌላውን ወደ ራሱ ወገን ለመሳብ ሲል ነገሩ አልተበላሸም። መስፍኑ እንግዳውን አከበረ፤ እንግዳውም ለጠያቂዎቹ እውነትን አልነፈጉም። ከዚያም የበረዶው ወራት ሳይገባ፣ በመስከረም ወር ተነሥተው ወደ ኢጣሊያ ተመለሱ። ከሉዶልፍ ጋር በሥጋ ቢለያዩም ወዳጅነታቸው በደብዳቤ ቀጠለ፤ የሚጻጻፉትም በግዕዝ ነበር። ደብዳቤዎቹ ተጠብቀው ቆይተው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በጀርመን አገር ታትመዋል።

የጕዞአቸው ፍጻሜ

በስደት ያለ ሰው የአገሩ ናፍቆት ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ ይበረታበታል። አባ ጎርጎርዮስም ወደ አገራቸው ለመመለስ መንገድ ጀመሩ። ይሁን እንጂ ለምድረ ኢትዮጵያ አልበቁም። በ1658 የተሳፈሩበት መርከብ በሶርያ ባሕር ጠረፍ፣ በእስክንድሩን አካባቢ ተሰበረ፤ እርሳቸውም በዚያ ሞቱ። መቃብራቸው በመካነ ሥላሴ አይደለም፤ በሮምም አይደለም።

በሰው ዐይን ሲታይ ይህ የከሸፈ ሕይወት ይመስላል። አገራቸው ተለይቶአቸዋል፤ ያገለገሉት ጉባኤ ፈርሶአል፤ በስማቸው የወጣ አንድ መጽሐፍ እንኳ አላዩም። ሆኖም የስንዴ ቅንጣት በመሬት ወድቃ ካልሞተች ፍሬ እንደማታፈራ ለምናውቅ ለእኛ፣ የታሪኩ መጨረሻ ይህ አይደለም።

የድካማቸው ፍሬ

አባ ጎርጎርዮስ በሞቱ በሦስት ዓመት፣ በ1661፣ የሉዶልፍ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በለንደን ታተመ። ያሳተመው ቫንስሌብ የተባለ ተማሪው ነበረ። ይህ ቫንስሌብ በ1663 በመስፍን ኤርነስት ወደ ኢትዮጵያ ተልኮ ከግብፅ ማለፍ ሳይችል ቀረ፤ በኋላም በሮም ካቶሊክ ሆኖ ወደ ዶሚኒካውያን ማኅበር ገባ።

በ1681 የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ በላቲን ቋንቋ ታተመ። መጽሐፉ በአራት ክፍል የተዘጋጀ ሲሆን፣ ስለ አገሩና ሕዝቡ ጠባይ፣ ስለ መንግሥቱ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑና ስለ ሕዝቡ የግል ኑሮ ይናገራል። በውስጡ ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይም ተጽፎአል። ሉዶልፍ ከኢየሱሳውያን መጻሕፍት የወሰደውን ከአባ ጎርጎርዮስ ከሰማው ጋር እያስተያየ ጻፈ፤ ከመምህሩ የተቀበለውንም የእርሱ ነው እያለ በስማቸው መሰከረ። በ1691 ባወጣው የታሪኩ ማብራሪያ ላይ ደግሞ የአባ ጎርጎርዮስን ሥዕል አወጣ። በዚያ ዘመን አፍሪካዊ በአውሮፓ መጽሐፍ ላይ በመምህርነት ክብር ሲታይ እንግዳ ነገር ነበር።

በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት በፍራንክፈርት ታተሙ። አማርኛን በሕግና በሥርዓት የመረመረ የመጀመሪያው ኅትመት ይህ ነው። መምህሩ ካረፉ አርባ ዓመት ሆኖአቸው ነበር፤ ተማሪውም ሰባ አራት ዓመት ሞልቶት ነበር። በወጣትነቱ የሰማውን ድምፅ ግን አልረሳም። ሉዶልፍ በ1704 በፍራንክፈርት ዐረፈ።

ሁለቱም በሕይወታቸው የዩኒቨርሲቲ ወንበር አልነበራቸውም። አንዱ ስደተኛ ካህን፣ ሁለተኛው የመስፍን አማካሪ ነበሩ። ይሁን እንጂ በኋላ የተነሡ የዩኒቨርሲቲ መምህራን የገነቡት በእነርሱ መሠረት ላይ ነው። አውግስጦስ ዲልማን በ1857 የግዕዝ ሰዋስውን፣ በ1865 ታላቁን መዝገበ ቃላት ሲያሳትም የሉዶልፍን ሥራ ወርሶ አስፋፋው። በሮም ኢኛስዮ ጕይዲ በ1901 የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሲያወጣ፣ ከአጠገቡ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ነበሩ፤ እኒሁ መምህር የጀመሩትን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ሥራ ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አወረሱ። ስለዚህ ሥራው ወደ አገር ቤትም ተመልሶአል። በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በሂዮብ ሉዶልፍ ስም የተሰየመ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል ተቋቁሞአል፤ ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የወጣው የኢትዮጵያ መዝገበ ዕውቀትም የተዘጋጀው በዚያ ነው። የዚሁ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1968 ወደ ጣና መጥተው በደሴቶቹ ገዳማት ያሉ የብራና መጻሕፍትን በፎቶግራፍ አንሥተዋል፤ ዝርዝራቸውም ከ1973 ጀምሮ ታትሞአል። በሮም በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት የተጀመረው ነገር ዞሮ ወደ ጣና ዳር ደረሰ ማለት እንችላለን።

የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤትም በ1919 የኢትዮጵያ ኮሌጅ ተብሎ የካህናት ተማሪዎች መኖሪያ ሆነ፤ በ1930 በቫቲካን የአትክልት ስፍራ አዲስ ሕንፃ ተሠራለት። በአገራችንም በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት የመጀመሪያው ኃላፊ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ሉስየን ማት ነበሩ። ከጣና ዳር የተባረረው ማኅበር ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የተመለሰው በመምህርነት ነው። በባሕር ዳርም ቀድሞ የነበሩት የፖሊቴክኒክና የመምህራን ትምህርት ተቋማት በ2000 ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። የዚህ ዘመን ወጣት ቋንቋውንና ባህሉን በሐይቁ ዳር ተቀምጦ ለማጥናት ባሕር መሻገር አያስፈልገውም።

ከሕይወታቸው የምንማረው

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንማራለን።

አንደኛው፣ የሌላውን ሕዝብ ቋንቋና ባህል ማወቅ የሚቻለው ከዚያው ሕዝብ በመማር መሆኑን ነው። ሜንዴዝ ሕዝቡን ለማስተማር ብቻ መጡ፤ ሳይማሩ ስለ አስተማሩም ቤቱ ፈረሰ። ፓኤዝ አስቀድሞ ተማረ። ሉዶልፍም በኢትዮጵያዊ እግር ሥር ተቀመጠ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ሆነ የወንጌል መልእክተኛ ወደ ማያውቀው ሕዝብ ሲሄድ ከእነዚህ መንገዶች አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል።

ሁለተኛው፣ የምናውቀውን ነገር እንዳንንቅ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ለሉዶልፍ የሰጡት ከእናታቸውና ከየኔታ የተቀበሉትን ነው። እኛ በየቁምስናችን የሚገኙ አረጋውያን የሚያውቁትን ተረት፣ ምሳሌ፣ የዕፀዋት ስም፣ የዜማና የጸሎት ቃል ሳንጽፍ እናሳልፋለን። አዊኛ፣ ቅማንትኛና ሌሎችም በዙሪያችን ያሉ ቋንቋዎች እንደ ግዕዝና አማርኛ ሁሉ ሊጠኑ ይገባቸዋል። በባዕድ አገር ተመራማሪ ሲፈለጉ ብቻ ልናከብራቸው አይገባም።

ሦስተኛው ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ነው። በጠባብ ክፍል፣ በጥቂት ልጆች ፊት፣ አንድን ቃል ደጋግሞ ማስረዳት ፍሬ የሌለው ድካም የሚመስልበት ቀን ይኖራል። አባ ጎርጎርዮስም በአንድ ተማሪ ፊት ነበር የተቀመጡት። ፍሬውን በዐይናቸው አላዩም። ያ አንድ ተማሪ ግን የሰማውን ከአርባ ዓመት በላይ ጠብቆ ለዓለም አደረሰው።

የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት በ2015 ሲቋቋም ጎጃምንና ወሎን በአንድ እረኛ ሥር አገናኝቶአል። ስለዚህ የመካነ ሥላሴው ልጅ የእኛም ልጅ ናቸው። ሌላ እምነት ያለውን እንግዳ ከበራቸው ሳይመልሱ ያስተማሩት እኒህ አባት በጸሎታችን ይታሰቡ፤ በባሕር ያረፈች ነፍሳቸውን እግዚአብሔር በመንግሥቱ ያሳርፍልን።